መታጠብ የማይፈራው ማጣሪያ፦ የሴራሚክ ሜምብሬን

ውኃን በጥቃቅን ቀዳዳዎች አሳልፎ የማጣራት ትልቁ ችግር ቆሻሻውን መያዙ ሳይሆን፣ የተያዘውን ቆሻሻ መልሶ ከማጣሪያው ላይ ማስለቀቁ ነው። ሜምብሬን የሚባለው፣ ውኃውን እያሳለፈ ከቀዳዳዎቹ የሚበልጠውን ሁሉ የሚያስቀር ስስ ገደብ፣ ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር ራሱ እየተደፈነ ስለሚሄድ በየጊዜው መታጠብ ይኖርበታል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የፕላስቲክ ዘር ሜምብሬን ደግሞ ብርቱ ኬሚካልና ከፍተኛ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥሩበታል፤ የሴራሚኩ ብልጫም የሚገለጠው እዚሁ ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሉዊ ፓስተር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1884 ልባጥ ካልተቀባ የፖርሴሊን ቱቦ ባክቴሪያን የሚያስቀር ማጣሪያ ሠራ። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892 የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ተክል መበከሉን አሳየ፤ ቫይረስ ከሳይንስ ጋር የተዋወቀው እንግዲህ የሴራሚክ ማጣሪያ ሊይዘው ባለመቻሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዛሬው ሜምብሬን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ሲሆን፣ ዱቄቱ ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶና ቅርጽ ይዞ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሲተኮስ ቅንጣቶቹ ሳይቀልጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተትም፣ እንስራን እንደሚያላበው ክፍተት ሁሉ፣ የውኃው መተላለፊያ ይሆናል። ልዩነቱ በሜምብሬኑ ላይ የቀዳዳው ስፋት በዱቄቱ ልመት የሚወሰን መሆኑ ነው፤ ሻካራው ክፍል ጥንካሬ ይሰጣል፣ በላዩ የሚለበጠው እጅግ የላመ ስስ ንጣፍ ደግሞ ያጣራል።

በጃፓን ለመጠጥ ውኃ የሚሠራው አንዱ ዓይነት 1.5 ሜትር ርዝመትና 18 ሴንቲ ሜትር የጎን ስፋት ያለው ድፍን ምሰሶ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ሲታይ ግን እያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ 2000 ያህል ቦዮች ከዳር እስከ ዳር ይዘልቁታል። የቦዮቹ ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 25 ሜትር ካሬ ይደርሳል፤ ቀዳዳዎቹ 0.1 ማይክሮን ብቻ ስለሆኑ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺኛ ስለሚያህሉ፣ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን የሚሆነው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሕዋስ አያልፍም። ይህ ተሕዋስ ክሎሪንን ይቋቋማል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓኗ ኦጎሴ ከተማ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ያሳመመውም በቧንቧ ውኃ ገብቶ ነበር።

ሜምብሬኑ ሲደፈን የተጣራ ውኃ በብርቱ ግፊት ወደ ኋላ ይለቀቅበታል፣ ቀጥሎም አየር ይነፋበታል፤ ይህ ያላስለቀቀውን በአሲድ፣ በክሎሪን፣ አስፈላጊ ከሆነም በኦዞን ማጠብ ይቻላል። በኔዘርላንድስ አንዳይክ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የማጣሪያ ጣቢያ የአይሰልሜርን ሐይቅ ውኃ የሚያጣራው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ወጪ ለመቀነስ 192 ምሰሶዎችን በአንድ የብረት ጋን ውስጥ አሰባስቧል።

ሆኖም የሴራሚክ ሜምብሬን ሁሉን ቻይ አይደለም። በውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር በእነዚህ ቀዳዳዎች እንደ ውኃው ያልፋል፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ፍሎራይድ የያዘ የጉድጓድ ውኃ በዚህ ማጣሪያ ቢያልፍ የሚጠራው ድፍርሱ ብቻ ነው፣ ፍሎራይዱ አብሮ ይወጣል። ቫይረስንም ለመያዝ፣ ጥቃቅኑን የሚያጓጉል ኬሚካል አስቀድሞ መጨመር ወይም ከኋላ ሌላ መከላከያ ማከል ያስፈልጋል።

ዋጋው በካሬ ሜትር ከፕላስቲኩ ብዙ እጥፍ ነው፤ ሲወድቅም ይሰበራል። ስለዚህ ለጠራ ምንጭ ሴራሚክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዘይት፣ ሙቀትና ጠንካራ ኬሚካል ለተቀላቀለበት የፋብሪካ ፍሳሽ ግን፣ ፕላስቲኩ ቶሎ ቶሎ በሚለወጥበት ቦታ፣ ስሌቱ መደረግ ያለበት በመግዣው ዋጋ ሳይሆን በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ በሚያጣራው ውኃ መጠን ነው።