ከጉማራ እስከ ጢስ ዓባይ

ሰው በአጠገቡ ያለውን ጸጋ ሳያይ ሩቅ አገር ሲናፍቅ ይኖራል። እኛም በአንበሳሜ ተወልደን፥ በዚያው ፊደል ቆጥረንና አስተምረን ሳለን፥ ጢስ ዓባይን በዓይናችን ያየነው ጎልማሳ ከሆንን በኋላ ነው። ያየነውም ከእናታችን ጋራ ነበር።

እናታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ የጉማራን ውኃ ሲቀዱ የኖሩ ናቸው። ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፥ በደራና በፎገራ አልፎ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ዓባይም ከጣና በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ ወደ ፏፏቴው ይወርዳል። ስለዚህም «ከእንስራዬ የተረፈው ውኃ የት እንደሚደርስ ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፥ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ደረስን፤ ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጢስ ዓባይ ከተማ ገባን። ከከተማው ወደ ፏፏቴው የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። በመጀመሪያ ወደ ገደሉ ቁልቁል ይወርድና፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1626 ዓ.ም. በተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ላይ ያሻግራል። ከዚያ በዛፎችና በቁጥቋጦ መካከል ወደ ኮረብታው ይወጣል። እናታችን በጥላው ሥር እያረፉ፥ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ያለ ችግር ወጡ።

ከፏፏቴው ትይዩ በደረስን ጊዜ ግን ያየነው ጥቁር ገደልና በአንድ ወገን የሚንጠባጠብ ቀጭን ውኃ ነበር። እናታችን ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ ዓባይ ይኸ ነውን?» አሉን። እኛም ውኃው በቦይ ተጠልፎ የኤሌክትሪክ መኪና ሊያዞር መሄዱን ነገርናቸው። «ታዲያ መብራቱ እኛ ቤት የሚደርሰው መቼ ነው?» ቢሉን፥ አስተማሪ ስንሆን መልስ አጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በዚያ የቆመው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለ ነበረ ፏፏቴው አልተጎዳም። በ2001 እ.ኤ.አ. እጅግ የሚበልጠው ሁለተኛው ሥራ ሲጀምር ግን፥ በበጋ ወራት አብዛኛው ውኃ ወደ እርሱ ዞረ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጣና በስተ ምዕራብ በዋሻ ውኃ የሚወስደው የበለስ ማመንጫ ተከፈተ።

እናታችንን በኀዘን መልሰን ልንቀር አልወደድንምና፥ በ2001 ዓ.ም. ከመስቀል በዓል በኋላ እንደ ገና ሄድን። በዚህ ጊዜ ድምፁ ቀድሞ ተቀበለን። ክረምት በሚሞላበት ጊዜ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው ውኃ 40 ሜትር ከሚያልፍ ገደል ሲወረወር ጢሱ የእናታችንን ነጠላ አረጠበው፤ በጢሱም ውስጥ ቀስተ ደመና ቆሞ ነበር። ይህ ገደል ለዓሣም ድንበር ነው፤ ከታች ያለው ዓሣ ሊወጣው ስለማይችል፥ በጣና በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች ይኖራሉ።

እናታችን ግን ያስተዋሉት ሌላ ነበር። «ውኃው ቀላ እኮ! ይኸ የእኛ አገር አፈር ነው» አሉ። እኛ ፏፏቴውን ስናደንቅ፥ እርሳቸው እርሻችን ሲሄድ አዩ።

ዛሬ በቤታችን መብራት በርቷል፤ እናታችን ግን ሳያዩት ዐርፈዋል። ስለ መብራቱ የጠየቁን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ተመልሷል፤ ስለ አፈሩ የተናገሩት ግን ገና በእጃችን ነው። በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ደኖች አፈር እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩናል፤ ከደን የሚወጣ ምንጭ ጥሩ ነውና። ከማሳው ዳር እርከን የሚሠራ፥ ከወንዙ ዳር ዛፍ የሚተክል ጎረቤት የዓባይ ጠባቂ ነው።

እንግዲህ፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ልጆችህንና ወላጆችህን ይዘህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጢስ ዓባይ ውጣ። የውኃውን ብዛት አሳያቸው፤ መልኩንም አሳያቸው።