ሼድ ወይስ መጋዘን፦ ለሥራው የሚስማማውን ቤት መምረጥ

የማምረቻ ሼድና መጋዘን ከውጭ ሲታዩ እምብዛም አይለያዩም። ሁለቱም የብሎኬት ወይም የቆርቆሮ ግድግዳ፣ በብረት የተዋቀረ ሰፊ ጣሪያና መኪና የሚያስገባ በር አላቸው፤ ዋጋቸውም የሚነገረው በካሬ ሜትር ነው። መጋዘን ዕቃ ገብቶ ቆይቶ እንደገባ የሚወጣበት ቤት ነው። በማምረቻ ውስጥ ግን ዕቃው መልኩን ይቀይራል፤ ለዚያም መብራት፣ ውኃ፣ ብዙ ሠራተኛና የቆሻሻ መውጫ ያስፈልጋል። መጋዘን ተከራይቶ ፋብሪካ ለማድረግ የሚሞክር ነጋዴ እነዚህን በራሱ ወጪ ያሟላል፤ ፋብሪካ ተከራይቶ ዕቃ ብቻ የሚያስቀምጥ ደግሞ ለማይጠቀምበት ነገር ይከፍላል።

ለአምራች ከሁሉ የሚቀድመው መብራት ነው። ለአምፖልና ለቢሮ ታስቦ የገባ መስመር ማሽን አያስነሳም። የማሽኖቹ ጠቅላላ ጉልበት 150 ኪሎዋት ቢሆን፣ በተለመደው ስሌት ከ175 ኪሎ ቮልት አምፔር በላይ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ይህም በተግባር የ200 ትራንስፎርመር ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ስሪ ፌዝ መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። መስመሩ ለስንት ኪሎዋት እንደተፈቀደ፣ ትራንስፎርመሩም የግል ይሁን ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ውል ከመፈረሙ በፊት መታወቅ አለበት። አዲስ ትራንስፎርመር ማስገባት ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ኪራዩ ግን ማሽኑ እስኪነሳ አይጠብቅም።

ቀጥሎ የውኃና የፍሳሽ ጉዳይ ይመጣል። ለልብስ ስፌት የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ማስወገጃ ይበቃ ይሆናል፤ ለቆዳ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያና ለምግብ ማቀነባበሪያ ግን አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተበከለ ፍሳሽ ወደ ውጭ ሳይለቅ ውኃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ብክለት እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ለአንድ ተከራይ ከአቅም በላይ ነው። ፓርክ ውስጥ መግባት ትርጉም የሚኖረውም ይህን የመሰለውን ወጪ ብዙ ድርጅቶች ሲካፈሉት ነው። በሌላ በኩል የፓርኮቹ ሼዶች የተሠሩት ለትልልቅ አምራቾች ነው፤ 5,500 እና 11,000 ካሬ ሜትር የተለመዱ ስፋቶች ናቸው። በሃያ ሠራተኛ የሚጀምር ድርጅት ያንን ሊሞላው አይችልም፤ ለእሱ የከተማ አስተዳደሮች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚያዘጋጇቸው ሼዶች ወይም ከግለሰብ የሚከራይ ቤት ይቀርበዋል።

የመጋዘን ስሌት ሌላ ነው። ኪራዩ በካሬ ቢከፈልም ዕቃው የሚያርፈው በከፍታም ጭምር ነው። ጣሪያው 8 ሜትር የሆነ 500 ካሬ መጋዘን፣ ጣሪያው 4 ሜትር ከሆነ 1,000 ካሬ ጋር እኩል ይዘት አለው። ይህ የሚጠቅመው ግን መደርደሪያና ፎርክሊፍት ላለው ነው፤ ጆንያ በሰው ትከሻ የሚያስደረድር ነጋዴ ለከፍታው ተጨማሪ ቢከፍል ትርፉ አየር ብቻ ነው።

ከፍታ ሲጨምር ሸክሙ ወለሉ ላይ ያርፋል። አራት ደርብ ባለው መደርደሪያ በየደርቡ አንድ አንድ ቶን የሚመዝኑ ሁለት ፓሌቶች ቢቀመጡ፣ በአንዱ ክፍል 8 ቶን ይሆናል። መሃል ላይ የሚቆሙት እግሮች ከግራና ከቀኝ ያሉትን ክፍሎች ስለሚጋሩ እያንዳንዱ እግር 4 ቶን ያህል መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ያሳርፋል። ስስ ሊሾ ይህን አይችልም። በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ ተቆርጦ ሳይወጣና በጠጠር ሳይተካ የተሠራ ወለልም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ቤቱን በክረምቱ መጨረሻ ማየት ይመረጣል። የጣሪያ ፍሳሽም የወለል ስንጥቅም ያኔ ራሱን ያጋልጣል።

የሚቀመጠው ዕቃ ዓይነትም ቤቱን ይወስናል። ቡና እርጥበትና ሽታ ይስባል፤ በ60 ኪሎ ጆንያ የተሞላ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ከሳሙና ወይም ከነዳጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያድር አይገባም፤ ከወለልና ከግድግዳም መራቅ አለበት። መድኃኒት የሙቀት ቁጥጥር ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠበቅ ከሆነማ ቀዝቃዛ ክፍልና መጠባበቂያ ጄኔሬተር የግድ ነው። ፎምና ቀለም የሚያከማች ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ቤቱን ዞሮ መድረስ መቻሉን ማየት ይኖርበታል።

የቦታ ምርጫ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚያልፍ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድና የባቡር መስመሩ የመጋዘን ፈላጊን ዓይን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይስባሉ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር 12.2 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የጫነው መኪና ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ግቢው መኪናውን ካላዞረ ዕቃው መንገድ ላይ ይራገፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ መኪና በቀን የሚገባበት ሰዓት ስለሚገደብ፣ መርካቶን የሚያቀርብ ነጋዴ ትልቁን ክምችት ከከተማ ዳር አስቀምጦ በአነስተኛ መኪና ቢያመላልስ ሊያዋጣው ይችላል። አምራች ግን ሠራተኛውንም ያስባል። ታክሲና አውቶቡስ የማይደርስበት ርካሽ ሼድ በሰርቪስ መኪና ወጪና በሠራተኛ መልቀቅ ውድ ይሆናል።

በመካከል የሚወድቁ ሥራዎችም አሉ፤ ዘይት በአነስተኛ ጄሪካን መገልበጥ፣ ቅመም ፈጭቶ ማሸግ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ መገጣጠም። ባለቤቱ እንደ ማከማቻ ቢያየውም ፈቃድ ሰጪው አካል ማምረት ሊለው ይችላል። ስለዚህ የቦታው ካርታ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዓይነት ከንግድ ፈቃዱ ጋር መጣጣሙን ቀድሞ ማጣራት ያሻል። ለመጋዘን በተፈቀደ ቦታ ላይ ማሽን የተከለ ተከራይ አከራዩንም ራሱንም ያስጠይቃል። አስመጪ ደግሞ በጉምሩክ ፈቃድ የሚሠራ ቦንድድ መጋዘን መጠቀም ቢችል፣ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ቀረጡ ሳይከፈል ስለሚቆይ ገንዘቡ አይታሰርም።

ውሉ ላይ የሚለያዩበት ነጥብ የጊዜ ርዝመት ነው። መጋዘን ተከራይ ዕቃውን ጭኖ መውጣት ስለሚችል የአንድ ዓመት ውል አያስፈራውም። አምራች ግን የማሽን መሠረት ያስቆፍራል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ ትራንስፎርመር ያስገባል፤ ይህን ሁሉ ለአጭር ውል ማፍሰስ በአከራዩ እጅ መውደቅ ነው። የኪራይ ጭማሪው ጣሪያ፣ የውል እድሳት መብቱና ተከራዩ ያስገባው ትራንስፎርመር ሲለቅ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ መስፈር አለባቸው።