ሁለተኛው ፊሽካ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ስፖርት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ፊሽካ ወይም የዳኛ መገምገሚያ ቅጽ ይዤ ከሐብሩ ወረዳ ሜዳዎች አንዱ ላይ ነኝ። መርሳ ሻይ ቤት ስቀመጥ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ቲቸር፣ በአላህ እውነቱን ንገረን፤ ወልዲያን ያወረደው ዳኛ አይደለም?»

ጠያቂው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ማስረጃውም 2010 ነው። ወልዲያ ከነማ ፕሪሚየር ሊግ ተመልሶ በገባ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በጥር 2009 የተመረቀው 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ ቡድኑ ወረደ። በዚያው ዓመት ከፋሲል ከነማ ጋር የተደረገው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ለፋሲል ሪጎሬ ተሰጠ፤ ዳኛውም ጥቃት ደረሰበት። ብዙም ሳይቆይ፣ በሚያዝያ፣ በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ ጨዋታ ሌላ ዳኛ ሲደበደብ ፌዴሬሽኑ ሊጉን እስከማቋረጥ ደረሰ። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ በአምላክ ተሰማ ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ተመርጦ የሄደው በዚያው ዓመት ነው። ኅዳር ላይ ከመቐለ ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ሰበብ የሰው ሕይወት የጠፋበት ሁከት ግን ከዳኛ ጋር የሚያያዝ ስላልሆነ እዚህ አልገባበትም።

መልሴን ወልዲያ ውስጥ ብዙ ሰው አይወድልኝም። ዳኛ ያዳላል፤ እዚህ ላይ ከደጋፊው ጋር እስማማለሁ። የሚያዳላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሚጮኸው ወገን ነው፤ ወልዲያ ላይ ደግሞ የሚጮኸው የወልዲያ ደጋፊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የእንግሊዞች ጥናት 40 ዳኞችን አስቀምጦ ሊቨርፑል ከሌስተር ያደረጉትን ጨዋታ በቪዲዮ አሳያቸው፤ ለገሚሱ ከነጩኸቱ፣ ለገሚሱ ድምፁን አጥፍቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የቆጠሩት ጥፋት ካልሰሙት በ15.5 በመቶ አነሰ። የስፔን ሊግን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ደግሞ ጭማሪ ደቂቃን መረመሩ። ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ ያጥራል፣ በአንድ ጎል ሲቀደም ይረዝማል። ለእነዚያ ዳኞች ጉቦ የሰጠ የለም፤ ከጆሯቸው የገባውን ከዓይናቸው መለየት አቅቷቸው እንጂ።

መርሳ ሜዳ ላይ ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም። አጥር የለም። ሕፃናቱ መስመሩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ረዳት ዳኛው ባንዲራውን ከተመልካች ትከሻ ጋር እያጋጨ ነው የሚሮጠው። ኳስ በጎን ስትወጣ ማን እንደነካት ያላየ ረዳት ባንዲራውን ለአፍታ ያንጠለጥለዋል፤ በዚያች አፍታ ሃምሳ ሰው በአንድ ድምፅ «የኛ!» ይላል፤ ባንዲራውም ወደዚያው ይዘረጋል። የእጅ ውርወራ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ እያለ ግን ለእረፍት ሲወጣ እንግዳው ቡድን ከራሱ ሜዳ መውጣት አቅቶት ታገኙታላችሁ።

ከዚህ የባሰው የማካካሻው ፊሽካ ነው። ባለፈው ክረምት በቀበሌዎች ውድድር አንድ ወጣት ዳኛ እየገመገምኩ ነበር። የባለሜዳው ተከላካይ እንግዳውን አጥቂ ሳጥን ውስጥ ከኋላ መታው፤ ልጁም ሳያመነታ ወደ ነጥቡ አመለከተ። ከጥፋቱ ቦታ የነበረው ርቀት፣ የቆመበት ማዕዘን፣ ሁሉም ልክ ነበር። ሪጎሬው ገባ። «ሌባ! ሌባ!» ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ልጁን ብቻ ነው ያየሁት። በየፊሽካው መካከል አንገቱ ወደ መስመሩ ዞር ይላል። ብዙም ሳይቆይ የባለሜዳው አጥቂ ሳጥኑ ጫፍ ላይ በራሱ እግር ተጠላልፎ ወደቀና ፊሽካው ተነፋ። ጩኸቱ ወዲያው በረደ። እኔ ቅጹ ላይ ነጥብ የቀነስኩት ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ሲነግሩኝ ግን አመሻሹን ሻይ ቤት የተሰደበው በመጀመሪያው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ናሽቪል ከዲትሮይት ሲጫወቱ፣ ቲም ፒል የተባለ አንጋፋ ዳኛ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ሳያውቅ ናሽቪል ላይ ገና በጊዜ ቅጣት ለመስጠት ፈልጎ እንደነበር ሲናገር ተሰማ። ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ሊጉ ዳግም እንዳያጫውት አገደው። በዚያ ሊግ የቅጣት መዝገብ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ብዙ የተቀጣው ቡድን ሳይሆን ተጋጣሚው ቀጥሎ የመቀጣት ዕድሉ እንደሚሰፋ አሳይተዋል። ዳኛው ሚዛን የሚጠብቅ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ በደል በሌላ በደል ተካክሶ አያውቅም ባይ ነኝ፤ ሁለቱም ቡድን ተበድሎ ይወጣል እንጂ።

ሪጎሬ እየቆጠሩ የሚመጡ አሰልጣኞችንም የምሞግተው በዚህ ነው። «አያ፣ ዘንድሮ አምስት ተሰጠብን፣ ለእኛ አንድ!» ይሉኛል። ጨዋታውን ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ሲከላከል የሚውል ቡድን ሪጎሬ ቢበዛበት ምን ይገርማል? ወራጅ ቀጠና ያለ ቡድን ሁሌም እንዲህ ነው። ቁጥር ከተፈለገ ሌላ ይቆጠር፤ ፊሽካው ስንተኛ ደቂቃ ላይ ተነፋ፣ ውጤቱ ስንት ለስንት ነበር፣ ከእሱ በፊት የተነፋው ለማን ነበር።

ጩኸቱን ካነሳን ሁሉም ይስተካከላል የሚሉም አሉ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ ከተማ ለከተማ እየዞረ በአንድ ሜዳ ሲካሄድ ባለሜዳ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል ቀርቷል። የአሰልጣኞች «ዳኛው በደለን» ግን አልቀረም። ሽንፈት ምክንያት ይፈልጋል፤ ዳኛ ደግሞ ቅርብ ነው።

ወደ ወረዳችን ስንመለስ የዳኛ አበልና ምሳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአስተናጋጁ ቀበሌ እጅ ነው። ዳኛው ከተጋጣሚዎቹ መንደር የመጣ፣ አንዳንዴም ዘመድ ነው። ስለዚህ ለአዘጋጆቹ ያቀረብኩት ሐሳብ ሦስት ነገር ብቻ ነበር። ዳኛው ከሌላ ቀበሌ ይምጣ፣ አበሉ ጨዋታው ሳይጀመር ከአዘጋጁ ይከፈል፣ ተመልካቹም ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ በገመድ ይከለል። የመጀመሪያውን ተቀብለውኛል። በአበሉ ጉዳይ ስብሰባ ይጠራል ተብሏል። ገመዱ ገና አልተገዛም።