የብርቱካናማዋ ፔቱኒያ ምስጢር

እ.ኤ.አ. በ2015 የፊንላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ቴሙ ቴሪ በሄልሲንኪ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሲያልፍ በአበባ ሳጥን የተተከሉ ፔቱኒያዎች ዓይኑን ያዙት። ፔቱኒያ በረንዳና አደባባይ የሚያስጌጥ የታወቀ አበባ ነው፤ ነጩ፣ ሐምራዊው፣ ሮዙና ቀዩ ሞልቷል። እነዚህ ግን ደማቅ ብርቱካናማ ነበሩ። ሌላው መንገደኛ አድንቆ የሚያልፈው ቀለም ለቴሪ ጥያቄ ሆነበት፤ ፔቱኒያ ከተፈጥሮው እንዲህ ዓይነት ቀለም አይወጣውምና።

ይህን ቀለም የሚሰጠው ፔላርጎኒዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ፔቱኒያ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ፔላርጎኒዲን የሚሠራበትን ግብዓት እምብዛም አይቀበልም፤ የበቆሎው ኢንዛይም ግን ይቀበለዋል። በ1987 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ከበቆሎ የተወሰደ ዘረ-መል ፔቱኒያ ውስጥ አስገብተው ጡብ መሳይ ቀለም ያለው አበባ ማግኘታቸውን አሳትመው ነበር። ቴሪ ያ ሥራ ትዝ አለው።

ከተክሉ ቆርጦ ወሰደና በቤተ ሙከራ መረመረው። ጥርጣሬው ልክ ሆነ፤ በዘረ-መል ምሕንድስና የገባ ባዕድ ዘረ-መል ተገኘበት። በ2017 ነገሩ ለፊንላንድ ባለሥልጣናት ደረሰ። በሚያዝያ ወር ዝርያዎቹ ከገበያ እንዲነሡ ታዘዘ፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችና አሜሪካም የየራሳቸውን መመርመር ጀመሩ።

አሜሪካ ውስጥ ከተገኙት አንዷ «አፍሪካን ሰንሴት» ነበረች። ይህች ፔቱኒያ በ2014 የኦል-አሜሪካ ሴሌክሽንስ ተሸላሚ ናት። ድርጅቱ በ1932 የተመሠረተው አዳዲስ ዝርያዎችን ከሻጭ ማስታወቂያ ነፃ በሆነ መንገድ ለመመዘን ነው። ዳኞቹ ክፍያ የማይቀበሉ ባለሙያዎች ናቸው። ለውድድር የቀረበው ተክል ስሙ ተደብቆ በቁጥር ብቻ ይታወቃል፤ በልዩ ልዩ አካባቢዎች፣ ገበያ ላይ ካሉ ተመሳሳይ ዝርያዎች ጎን ተተክሎ ይመዘናል። የአበባው ብዛት፣ የዕድገቱ ሁኔታና በሽታን መቋቋሙ ይታያል፤ ነጥቡ ያነሰ አይሸለምም።

ታዲያ ዳኞቹ ተሳሳቱ? አልተሳሳቱም። ለተጠየቁት ጥያቄ በታማኝነት መልስ ሰጥተዋል። ቀለሙ ከየት መጣ የሚለው በመመዘኛው ውስጥ አልነበረም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አበቦቹ ለሰውም ለአካባቢም አደጋ እንደማያደርሱ ቢያስታውቅም፣ በዘረ-መል ምሕንድስና ለተሠሩ ተክሎች የሚጠየቀው ፈቃድ ያልነበራቸው በመሆኑ ብዙዎቹ እንዲወገዱ ተደረገ። በ2021 ብርቱካናማዋ ፔቱኒያ በአሜሪካ ከቁጥጥሩ ነፃ ሆነች።

ነፃ ሙከራ ለገዢው ትልቅ ከለላ ነው፤ ሊጠበቅም ሊስፋፋም ይገባዋል። ነገር ግን ዝርያው ከዚህ በፊት ያልታየ ቀለም ይዞ ሲመጣ፣ ከውበቱ ነጥብ በፊት የዘር ሐረጉ ይመርመር። እርስዎም የተሸለመ ተክል ሲገዙ፣ ሽልማቱ በምን መመዘኛ እንደተሰጠ ይጠይቁ።