«ይሸፍናል» ከተባለ በኋላ

ኢንሹራንስ ድርጅት ደውላችሁ «የመስሚያ መሣሪያ ትሸፍናላችሁ ወይ?» ብትሉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «አዎ» ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ለአንድ ጆሮ ይሁን ለሁለቱም፣ በየስንት ዓመቱ፣ ከየትኛው ክሊኒክ ሲገዛ፣ እስከ ስንት ዶላር ድረስ የሚለው ግን አልተነገራችሁም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አባት እናታቸውን አምጥተው የሚጦሩ ልጆች ይህን አንድ ቃል ይዘው ክሊኒክ ይሄዱና የሺዎች ዶላር ሂሳብ ይጠብቃቸዋል። ያን ጊዜ አባት «ተዉት ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ለእኔ ዕድሜ ይኼ ሁሉ ገንዘብ ምን ያደርጋል» ይላሉ፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ ነበረ፤ በወቅቱ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

መሣሪያውን ቀረብ ብሎ ማየት የኢንሹራንሱን ነገር ያቀላል። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ውስጡ ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን፣ ድምፁን የሚያጣራ ኮምፒውተር መሰል ቺፕ፣ የተጣራውን አጉልቶ ወደ ጆሮ የሚልክ ትንሽ ማጉያ አለ። ሁሉንም ድምፅ እኩል ቢያጎላማ ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም ግን ቀድሞ የሚያጠቃው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ እንደ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ያሉት ይጠፋሉ፣ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። «ስትናገሩ ይሰማኛል፤ የምትሉት ነው የማይገባኝ» የሚሉ አረጋዊ በሽታቸውን በትክክል ነግረውናል። ስለዚህ የመስማት ባለሙያው (ኦዲዮሎጂስቱ) የእያንዳንዱን ጆሮ ድካም በየድምፁ ዓይነት ለክቶ ኦዲዮግራም በሚባለው ወረቀት ላይ ያሰፍራል። እስከ 25 ዴሲቤል ያለው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል፤ ከ26 እስከ 40 ቀላል፣ ከ41 እስከ 55 መካከለኛ ይባላል፤ ከ90 በላይ ሲሆን ጆሮው የቀረው መስማት እጅግ ጥቂት ነው። ቺፑ የሚስተካከለው በዚህ ወረቀት መሠረት ነው። ከዚያም ጥሩ ባለሙያ ቀጭን ቱቦ ወደ ጆሮ ቦይ አስገብቶ፣ የተስተካከለው ድምፅ በእርግጥ ታምቡሩ አጠገብ መድረሱን ይለካል።

ይህ ልኬትና ማስተካከል ነው መሣሪያውን መሣሪያ የሚያደርገው። አሜሪካ ውስጥ ክሊኒኮች ብዙ ጊዜ የዕቃውንና የሥራውን ዋጋ ጠቅልለው ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፕሬዚዳንቱ የሳይንስ አማካሪዎች ባወጡት ሪፖርት የአንድ ጆሮ መሣሪያ አማካይ ዋጋ ከ2,300 ዶላር በላይ ነበር፤ ለሁለት ጆሮ ሲሆን እጥፍ ነው። ኢንሹራንሱ ዕቃውን ብቻ ከፍሎ የማስተካከያውን ቀጠሮ ካልከፈለ ግማሹን ሥራ ነው የሸፈነው። ለእንግሊዝ ነዋሪ ወገኖቻችን ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ነው፤ እዚያ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ኤን ኤች ኤስ መሣሪያውን በውሰት በነጻ ይሰጣል፣ ባትሪውንና ጥገናውንም ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመት የሞላው ሰው ተስፋ የሚያደርገው የመንግሥቱን የጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬርን ነው። ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት በተከታታይ የኖሩ ወላጆችም፣ እዚህ ሠርተው ባያውቁ እንኳ፣ ወርሃዊ እየከፈሉ ሊገቡበት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሜዲኬር በ1965 ሲቋቋም የመስሚያ መሣሪያና ለመሣሪያው ተብሎ የሚደረግ ምርመራ ከማይከፈልባቸው ነገሮች መካከል በሕጉ ውስጥ ተጻፈ። ያ አንቀጽ ዛሬም አለ። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት ሊለውጠው ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በሴኔቱ በኩል ግን ሳያልፍ ቀረ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጆሮን ከጤና ውጭ አድርጎ ማየት በየትኛውም ሚዛን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሜዲኬር ሁሉንም በር ግን አልዘጋም። የመስማት ችግሩ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ሐኪም የሚያዝዘውን ምርመራ ይከፍላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ድንገተኛ ላልሆነ ችግር በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦዲዮሎጂስት ጋ በቀጥታ መሄድ ይቻላል። መሣሪያ ለማይረዳው ጆሮ በቀዶ ሕክምና የሚተከለውን ኮክሌር ኢምፕላንትም መስፈርቱን ላሟላ ይሸፍናል። ስለዚህ ኦዲዮግራሙን በሜዲኬር አሠርቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ መሣሪያውን ከሌላ ቦታ መግዛት ይቻላል። ወረቀቱ የታማሚው ነው፤ ቅጂ ሲጠይቅ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት በግል ድርጅቶች የሚመሩ ፕላኖች አብዛኞቹ የመስሚያ ጥቅም አላቸው፤ ማስታወቂያውም ይህንኑ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ማስታወቂያው የማይዘረዝረው ነገር በየዓመቱ በሚታተመው ኤቪደንስ ኦፍ ከቨሬጅ በሚባለው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አለ። የመስማት አገልግሎት የሚለውን ክፍል ፈልጋችሁ በእርጋታ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ፕላኑ የመሣሪያውን ጉዳይ ለሌላ ድርጅት ሰጥቶታል፤ መጀመሪያ ወደዚያ ድርጅት ካልደወላችሁና እሱ ከላካችሁ ባለሙያ ካልገዛችሁ አንድ ዶላር አይከፈላችሁም፣ የጆሮ ሐኪሙ ራሱ በፕላኑ ኔትወርክ ውስጥ ቢሆንም እንኳ። መሣሪያዎቹ በደረጃ ተከፍለው ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለያየ ኮፔይ (ታማሚው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ) ይቀመጣል፤ ኮፔዩም በጆሮ ነው። «699 ዶላር» የሚለውን አንብቦ ለሁለቱም የመሰለው ሰው 1,398 ይጠየቃል። ከግዢው በኋላ ስንት ቀጠሮ በነጻ እንደሚሰጥም እዚያው ተጽፏል። አንዳንዱ ፕላን ደግሞ የሚሰጠው ሽፋን ሳይሆን የቅናሽ ካርድ ነው፤ ቅናሹ ከከፍተኛው ዋጋ ላይ ስለሚታሰብ የሚከፈለው ከፋርማሲ ወይም ከኮስትኮ መደብር ከሚገዛው ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለመስሚያ መሣሪያ ብሎ ብቻ የወላጅን ሜዲኬር ወደ አድቫንቴጅ ማዞር አደገኛ ነው። የልብ ሐኪማቸው፣ የስኳር ሐኪማቸው በአዲሱ ኔትወርክ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲፈለግም የሜዲጋፕ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ሻጮች በአብዛኞቹ ስቴቶች የጤና ታሪካቸውን አይተው ሊከለክሏቸው ይችላሉ። የመለወጫው ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። ከዚያ በፊት በየስቴቱ ሺፕ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ምንም የማይሸጥ አማካሪ በነጻ ማግኘት ይቻላል።

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተዘጋጀው ሜዲኬይድ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ለአዋቂ የሚሸፍን ስቴት አለ፣ የማይሸፍን አለ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ኢፒኤስዲቲ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ለሕክምና አስፈላጊ የሆነውን መሣሪያ የትኛውም ስቴት መስጠት አለበት። ጊዜው ውድ የሆነው በልጅ ነው። ሕፃን ሲወለድ በአንድ ወር ውስጥ ጆሮው መመርመር፣ በሦስት ወር ችግሩ መታወቅ፣ በስድስት ወር እርዳታው መጀመር አለበት ይላል በአገሪቱ የሚሠራበት መመሪያ። «አድጎ ይናገራል፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ የሚያልፈው ዓመት ተመልሶ አይገኝም።

ልጅ በወላጁ አሠሪ ኢንሹራንስ ሲሸፈን ደግሞ የስቴት ሕግ ይመጣል። የሜሪላንድ ሕግ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ መሣሪያ እንዲሸፈን ያዛል፤ ኢንሹራንሱ ክፍያውን ለእያንዳንዱ ጆሮ በየ36 ወሩ በ1,400 ዶላር መገደብ ይችላል፣ ቤተሰቡም የሚበልጥ ዋጋ ያለው መሣሪያ መርጦ ልዩነቱን መክፈል ይችላል። በአንድ ጆሮ 2,300 ዶላር የሆነ መሣሪያ ቢመረጥ ለሁለቱ ከኪስ የሚወጣው 1,800 ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ጉድጓድ አለ። ትልልቅ አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው፤ ካርዱ ላይ ስሙ የታተመው የኢንሹራንስ ድርጅት ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያስተናግደው። እንዲህ ያለው ፕላን ከ1974 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በኤሪሳ ሕግ ስለሚመራ የስቴቱ ትእዛዝ አይደርሰውም። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍሉን «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ሽፋኑ የሚወሰነው በአሠሪው ፈቃድ ነው፤ ሠራተኞች ተሰብስበው ቢጠይቁ አሠሪው ሊጨምረው ይችላል።

ወደ ኢንሹራንሱ ስልክ ስትደውሉ የምርመራውን ውጤት ኮድ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ኤች 90.3 የሚል ካለ የሁለቱም ጆሮ ነርቭ ነክ የመስማት መቀነስ ማለት ነው። ክሊኒኩ የሚያስከፍልበትን የመሣሪያ ኮድ ከክሊኒኩ ተቀብላችሁ «ይህ ኮድ፣ በዚህ ምርመራ፣ ከዚህ ክሊኒክ ሲገዛ ምን ያህል ትከፍላላችሁ? ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስ የሚወጣው) ቀድሞ መሟላት አለበት? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል?» በሉ። የመለሰላችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ቁጥር ጻፉ። በግል ኢንሹራንስ ሲከለከል ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለ፤ የተጻፈ ማስታወሻ ያለው ሰው ያን ጊዜ ባዶ እጁን አይቀርብም።

ሽፋን ለሌለው ሰው ከኦክቶበር 17፣ 2022 ወዲህ ሌላ በር ተከፍቷል። በዚያ ቀን በሥራ ላይ በዋለው የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ደንብ 18 ዓመት የሞላውና የመስማት ድካሙ ቀላል ወይም መካከለኛ የመሰለው ሰው ያለ ማዘዣ ከመደብር መግዛት ይችላል። በ2024 ኤፍዲኤ የአፕል ኤርፖድስ ፕሮ 2 በሶፍትዌር እንደ መስሚያ መሣሪያ እንዲያገለግል ፈቀደ። ኢንሹራንስ እነዚህን ብዙ ጊዜ አይከፍልም፤ በሥራ ቦታ ከታክስ በፊት ለሕክምና በተቀመጠ የኤችኤስኤ ወይም የኤፍኤስኤ ገንዘብ መግዛት ግን ይቻላል። አንድ ጆሮ ብቻ የደከመ፣ ጆሮው የሚያመው፣ መግል የሚፈሰው ወይም የሚያዞረው ሰው ወደ መደብር ሳይሆን ወደ ጆሮ ሐኪም ይሂድ። በአንድ ሌሊት የጠፋ መስማት ደግሞ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ምርመራው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የሚሰማው «ጢጥ» የሚል ድምፅ ስለሆነ ቋንቋ አይጠይቅም። በሁለተኛው የተቀዱ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰማሉ፤ ታማሚው እየደገመ ይናገራል። ከደሴ የመጡ እናት ቃሉን ሳያውቁት ቢቀሩና ሳይደግሙት ቢያልፉ ወረቀቱ ላይ የጆሮ ድካም ሆኖ ይመዘገባል። ያ ቁጥር ደግሞ የትኛው መሣሪያ እንደሚስማማቸው በሚወሰንበት ጊዜ ይታያል፤ ሜዲኬርም ለኮክሌር ኢምፕላንት የሚመለከተው የዓረፍተ ነገር ፈተና ውጤትን ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በሪፖርቱ ላይም እንዲጻፍ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ማስተርጎም የለበትም፤ ሕጉም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቅድም።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከግዢው ይበልጣሉ። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አንጎል የቧንቧ ውኃና የሰሐን ድምፅ ሲሰማ ይረበሻል፤ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እያስረዘሙ መልመድ ያስፈልጋል። ነጠላ ወይም ሻርፕ ጆሮ ላይ ሲጣል ጨርቁ ማይክሮፎኑን እያሻሸ ያንኮሻኩሻል፤ አናት ላይ የተቀባ ቅቤ ቀልጦ ሲወርድ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ቅቤ የሚቀቡ እናት መሣሪያውን አውልቀው፣ ፀጉራቸው ሲደርቅና ጆሯቸው ሲጠረግ ይመልሱት። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የተለጣፊው ቀለም መጠኑን ይነግራል፦ ቡናማው 312፣ ብርቱካናማው 13። ተለጣፊው ከተላጠ ባትሪው አየር ስቦ መሥራት ይጀምራልና ሳይፈለግ አይላጥ።

ከሁሉ በላይ ግን የመመለሻውን ቀን ጠይቁ። ሻጮች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን ድረስ አስሞክረው ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ የሚቀነስ የአገልግሎት ክፍያ ሊኖር ስለሚችል በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ቀን በፊት ቢያንስ አንድ የማስተካከያ ቀጠሮ ይኑር። በቀጠሮው ላይ «ደኅና ነው» ከማለት ይልቅ የት እንዳስቸገራቸው ይናገሩ፦ ሰው በተሰበሰበበት፣ በስልክ፣ በመኪና ውስጥ። ኦዲዮሎጂስቱ ቺፑን የሚያስተካክለው በዚህ ነው፤ ባይስተካከል ደግሞ ለመመለስ ገና ቀን አለ።