ቮልት፣ ሕመምና ሕግ፦ ቴዘር በፖሊስ እጅ



በሳሪስ ከቀላል ባቡሩ ሐዲድ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ይሸከማል። በብዙ አገሮች ፖሊሶች የሚታጠቁት ቴዘር ደግሞ እስከ 50,000 ቮልት ያመነጫል። የባቡሩ ሽቦ የነካውን ሊገድል ይችላል፤ በቴዘር የተመታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል። ቮልት የሚለካው ግፊትን ነውና። ጉዳትን የሚወስኑት በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ መጠንና የቆይታው ጊዜ ናቸው።

ቴዘር በቀጭን ሽቦ የታሰሩ ሁለት እሾሆችን ይወነጭፋል። በመካከላቸው በሰከንድ 20 ያህል እጅግ አጫጭር ምቶች ሲያልፉ ጡንቻ ከአንጎል ትእዛዝ ወጥቶ ይኮማተራል፤ ሰውየውም ይወድቃል። አወዳደቁ ራስን ሊጎዳ፣ የተራዘመ ወይም ደረት ላይ ያረፈ ምት ልብን ሊያውክ ይችላል። መሣሪያው ያለ እሾህ ገላ ላይ ሲጫን ግን በዋናነት የሚያደርሰው ሕመም ነው።

እኔ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። ቢላ ይዞ የሚመጣን ሰው በቴዘር ማስቆም ጥይትን ሊያስቀር ይችላል። እጁ የታሰረን ሰው በሕመም ማስገደድ ግን፣ በእኔ ንባብ፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 18 የሚከለክለው የጭካኔ አያያዝ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የእስራኤል ፖሊስ አንድን ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በቴዘር መታ፤ ወጣቱ ከወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት ቢያከራክርም፣ በ2007 ዓ.ም. በተካሄዱት የቤተ እስራኤላውያን ሰልፎች ጉዳዩ ተነሥቷል።

የዘመኑ ቴዘር የተተኮሰበትን ሰዓትና የቆይታውን ርዝመት በራሱ ይመዘግባል። መዝገቡን አንብቦ «በማን ላይ? ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ገለልተኛ አካል ማቆም ግን የሕግ ድርሻ ነው።