ከጩኸቱ ሥር ያለው ዜማ፦ ሜሎዲክ ብላክ ሜታል

ወላይታ ሶዶ ላይ ዘፈን ሲባል ከበሮና ጭብጨባ፣ አውጪና ተቀባይ፣ ከወገብ የሚነሣ ጭፈራ ነው። መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ሁሉም አደባባይ ይወጣል። ሜሎዲክ ብላክ ሜታል ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የማያስጨፍር፣ ብቻውን ለሚያዳምጥ ሰው የሚስማማ የስዊድን ከባድ የጊታር ሙዚቃ። ቢሆንም የእኛ ጆሮ ሊገባበት የሚችል በር አለው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸቱ ነው። ድምፃዊው ከመዝፈን ይልቅ ከጉሮሮው ይጮኻል። ከበሮው ፋታ አይሰጥም። ጊታሪስቱ አንዱን ክር ወደ ታችም ወደ ላይም በፍጥነት እየደጋገመ ስለሚመታው ድምፁ ሳይቆራረጥ እንደ ንብ መንጋ ይተማል። እስከዚህ ድረስ ከወጣበት ከኖርዌዩ ብላክ ሜታል እምብዛም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ሁለተኛው ጊታር ዜማውን ከፍ አድርጎ ሲይዝና ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጓዙ ነው፤ ይህን የስዊድን ባንዶች ከእንግሊዙ ባንድ አይረን ሜይደን ወርሰውታል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ጸጥ ይልና አኩስቲክ ጊታር ብቻውን ይቀራል።

ዜማዎቹ ሐዘን ያዘሉ ናቸው፤ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎችን አብዝተው ይጠቀማሉ። አምባሰልን የለመደ ሰው ይህን ቅርበት ያውቀዋል። ቅኝቱ አንድ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ስልቱን ያስተዋወቀው በ1989 (እ.ኤ.አ.) በስዊድኗ ስትሮምስታድ ከተማ የተመሠረተው ዲሴክሽን የተባለው ባንድ ነው። በ1993 «ዘ ሶምበርሌይን»ን፣ በ1995 «ስቶርም ኦፍ ዘ ላይትስ ቤን»ን የተባሉ አልበሞች አወጣ። ናግልፋርና ሳክራሜንተም የተባሉ ባንዶች በዚያው ዘመን፣ ዋታይን ደግሞ ኋላ ላይ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የዲሴክሽን መሪ ዮን ኖድትቬይት ግን በሰው ግድያ ተባባሪነት ተፈርዶበት እስከ 2004 ታስሯል።

ግጥሞቹ ስለ ሞት፣ ብርድ፣ ሌሊትና ጸረ ክርስትና ናቸው። እዚህ ላይ የሙዚቃውና የሶዶ መንገድ ይለያያል። በ1992 ኖርዌይ በርገን አጠገብ ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ድርጊቱን ያወደሱ የብላክ ሜታል ሙዚቀኞች ነበሩ። በወላይታ ግን በ1928 (እ.ኤ.አ.) የገቡት ሚሲዮናውያን የጀመሩትን ቤተ ክርስቲያን፣ እነሱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲባረሩ ይዘው ያቆዩትና ያስፋፉት የአገሬው አማኞች ናቸው። ለእነሱ ልጆች ቃጠሎን ማወደስ ዓመፅ ሳይሆን ብልግና ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

በአገራችን ለዚህ ድምፅ ቀረብ የሚለው ጃኖ ባንድ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው «ኤርታሌ» የተባለው አልበም ነው። ሮክ እንጂ ብላክ ሜታል አይደለም፤ ነገር ግን ከባድ ጊታርና የኢትዮጵያ ቅኝት እንደማይጣሉ ያሳያል።

መሞከር የፈለገ ከዲሴክሽን የ1995 አልበም «ዌር ዴድ ኤንጅልስ ላይ»ን ያስቀድም፤ ዝግ ያለ ስለሆነ ጊታሮቹ ተለይተው ይሰማሉ። በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ጎረቤት አይወደውም።